ምዕራፍ 7፦ ሥራን በአደራ መስጠት

ሥራ ሲበዛብን አብዛኞቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ «እኔ ከሌለሁ አይሆንም» ብለን ሁሉንም በእጃችን እንይዛለን፤ ወይ ሲታክተን ቁልፉንም ሒሳቡንም አስረክበን ዘወር እንላለን። የመጀመሪያው እኛን ያደክማል፣ አብሮን የሚሠራውንም ያቀጭጫል። የሁለተኛው ጉዳት የሚታየው ዘግይቶ፣ ቆጠራ ሲደረግ ነው። ያን ጊዜ ጉድለቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል፤ ንጹሕ ሰውም ይታማል።

ሰውን ማመንና ሥራውን መከታተል አይጣሉም። እምነት ሥራ እየታየ የሚያድግ ነገር ነው፤ ቁጥጥርም በዚያው ልክ እየላላ መሄድ አለበት።

ከአልጋ ማንጠፍ እስከ ቀዶ ሕክምና

ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ከታካሚዎቻቸው አንዷ ማሚቱ ጋሼ ነበረች፤ በምጥ ምክንያት በፊስቱላ የተጎዳች፣ ፊደል ያልቆጠረች የገጠር ልጅ። ከታከመች በኋላ እዚያው ቀርታ አልጋ ማንጠፍና ሕመምተኞችን መርዳት ጀመረች። ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ታቀብል ነበር። ከዚያ ቀላል ስፌት፣ ከዚያ ከፍ ያለ ሥራ፣ በመጨረሻም ሙሉውን ቀዶ ሕክምና ራሷ ትሠራ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሃምሊን ባልና ሚስትና ለማሚቱ የወርቅ ሜዳልያ ሰጠ። ማሚቱ ለሥልጠና የሚመጡ ሐኪሞችንም አስተምራለች።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ዶክተሮቹ በአንድ ቀን ቢላውን አስይዘዋት አልሄዱም፤ «ያልተማረች ናት» ብለውም አልጋ ስታነጥፍ እንድትኖር አልፈረዱባትም። አጠገባቸው ሆና ስትሠራ እጇን ያዩ ነበር፤ አንዱን በደንብ ስትሠራ ቀጣዩን ሰጧት። በሰው አካል ላይ የሚፈጸም ስህተት በቀላሉ ስለማይታረም እርምጃው ቀስ ያለ መሆን ነበረበት። ስህተቱ በማግሥቱ የሚስተካከል ሥራ ከሆነ ግን ቶሎ መልቀቅ ይቻላል። የቁጥጥርዎን መጠን የሚወስነው ስህተቱ በቀላሉ መታረም አለመታረሙ ነው፤ የእርስዎ ጭንቀት አይደለም።

በእርስዎ ሥራ ላይ

1. የሚፈልጉትን ውጤት ይናገሩ። «ሱቁን አደራ» ማለት ብቻውን አይበቃም። «ማታ ሲዘጋ በካዝናው ያለው ገንዘብ ከደረሰኙ ጋር ይመሳከር፤ ልዩነት ካለ በዚያው ምሽት ንገረኝ» ማለት ግን አደራውን ግልጽ ያደርገዋል።

2. ወሰኑን ያሳውቁ። ተረካቢው ዋጋ እስከ ስንት መቀነስ ይችላል? ዱቤ ለመስጠት ማስፈቀድ አለበት? በወሰኑ ውስጥ የሚወስነውን አይሻሩበት።

3. የሚያዩበትን ጊዜ አስቀድመው ይስማሙ። ቅዳሜ ማታ ሒሳብ አብረን እናያለን ከተባለ ማንም እንደተጠረጠረ አይሰማውም። ባለቤቱ በየሰዓቱ እየደወለ «ስንት ሸጥህ?» የሚለው ልጅ ግን ስልክ መመለስ ይለምድ ይሆናል እንጂ ሱቅ ማስተዳደር አይማርም።

4. ስህተት ሲገኝ ሥራውን አይንጠቁ። ምን እንደተፈጠረ ይጠይቁ፤ አስፈላጊ ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው አብረው ይሥሩ። የተነጠቀ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ስህተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ስህተት ደግሞ ከታየው ይበልጥ ያስከፍላል።

5. በደንብ ሲሠራ ቁጥጥሩን ይቀንሱ፤ መቀነስዎንም ይንገሩት። በየሳምንቱ ያዩት የነበረውን በየወሩ ያድርጉት። ለታታሪ ሠራተኛ ከምስጋና ቃል በላይ የሚገባው ይህ ነው።

የዚህ ሳምንት ተግባር

እርስዎ ብቻ የሚሠሩትን አንድ ሥራ ይምረጡ። ቢበላሽ በስንት ቀን ይስተካከላል? ለማን ይሰጣል? የመጀመሪያው ትንሽ ክፍሉ የቱ ነው? መልሱን በወረቀት ይጻፉና ከሚረከብዎ ሰው ጋር ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩበትን ቀንም አብራችሁ ቁረጡ።