ከረጅም ዓመታት በኋላ ወደ አነስተኛ አውሮፕላን መመለስ፦ የአብራሪ ትውስታና የአዲስ አበባ ስስ አየር

መግቢያ

አብራሪነት በልምምድ ተገኝቶ በልምምድ የሚጠበቅ ሙያ ነው። የሥራ ለውጥ፣ ስደት፣ ሕመም ወይም የገንዘብ እጥረት አብራሪን ለዓመታት ከበረራ ሊለየው ይችላል። በኢትዮጵያ ጎላ ያለው አብነት የ1990 ዓ.ም. ነው፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ፣ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከአገልግሎት ተለይተው የነበሩ የአየር ኃይል አብራሪዎች ወደ ሥራ ተጠርተዋል። ያ የተዋጊ ጄቶች ታሪክ ቢሆንም፣ ጥያቄው ለአነስተኛ የፒስተን አውሮፕላንም ያው ነው፦ ለዓመታት ያልበረረ ሰው ያጣው ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው፣ በቅድሚያ የሚጠፋው የእጅ ሳይሆን የአእምሮ ሥራ መሆኑንና የአዲስ አበባ ከፍታ ስሕተትን የሚቀጣው በዚሁ በኩል መሆኑን ነው።

የሚቀረውና የሚጠፋው

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥናት አዲስ የግል አብራሪዎችን ፈቃድ ካገኙ ከ8፣ ከ16 እና ከ24 ወራት በኋላ ፈትኗል። ችሎታቸው በግልጽ ቀንሶ ተገኝቷል፤ አብራሪዎቹ ስለ ራሳቸው ድክመት የሰጡት ግምት ግን ከፈተናው ውጤት ጋር አልተጣጣመም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት 16 የአየር መንገድ አብራሪዎችን በቦይንግ 747 ሲሙሌተር መርምሮ፣ መሪ የመያዝና መለኪያ የመከታተል ልማድ በአብዛኛው እንደሚቆይ፣ አውሮፕላኑ የት እንዳለ ማወቅ፣ ቀጣዩን እርምጃ አስቀድሞ ማሰብና ብልሽትን መለየት ግን እንደሚዳከም አሳይቷል። ከሁለቱ የሚወጣው ትምህርት ተመላሽን ይመለከታል፤ እጁ ስለሚታዘዝለት ሁሉም ችሎታ የተመለሰለት ይመስለዋል።

የቀትር አየር ስሌት

የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ መሠረት በባሕር ጠለል 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነው ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ በቦሌ ከፍታ ወደ 0 ይጠጋል። ቀትር ላይ ሙቀቱ 24 ዲግሪ ከደረሰ አየሩ ከመደበኛው በ24 ዲግሪ ይሞቃል፤ እያንዳንዱ ዲግሪ አየሩን 36 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቦታ አየር ያስመስለዋል። ስለዚህ ማኮብኮቢያው ላይ የቆመው አውሮፕላን ክንፉና ሞተሩ የሚያገኙት የ3,200 ሜትር ያህል አየር ነው። ይህም በሠንጠረዡ መሠረት የእንጦጦ ራስ አየር ማለት ነው።

የዚህ አየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 73 በመቶ ያህል ነው። ቱርቦቻርጀር የሌለው ሞተር ከኃይሉ 30 በመቶ ገደማ ያጣል። የፍጥነት መለኪያው ያንኑ የተለመደ ቁጥር ሲያሳይ፣ አውሮፕላኑ በእውነቱ 17 በመቶ ያህል ይፈጥናል፤ ካረፈ በኋላ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበትም ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል። በቆላ አገር ወይም በባሕር ዳርቻ የሠለጠነ ተመላሽ መሬቱ ሲሮጥበት አይቶ በዐይኑ ተመርቶ ፍጥነት ከቀነሰ፣ ክንፉ የመሸከም አቅሙን ሊያጣ ይችላል። የነዳጅና የአየር ቅይጡንም እንደ ቀድሞ ልማዱ በነዳጅ አብዝቶ ከተነሣ፣ ከቀረው ኃይል ላይ ተጨማሪ ይቀንሳል።

በሲግናል በኩል ወደ እንጦጦ

ስሌቱን ወደ ካርታ ማምጣት ይቻላል። በዚህ አየር በደቂቃ 90 ሜትር የሚወጣና በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አነስተኛ አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ቢዞር፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በሲግናል አካባቢ ሰማይ ሲደርስ ከማኮብኮቢያው በላይ ያገኘው ከፍታ 216 ሜትር ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው የየካ መሬትም ወደ ተራራው እየወጣ ይሄዳል። እስከ እንጦጦ ራስ የቀረውን ከፍታ ለመጨረስ በአጠቃላይ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ ከቦሌ እስከ እንጦጦ ያለው ቀጥታ ርቀት ግን 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አውሮፕላኑ ከፍ ባለ ቁጥር የመውጣት አቅሙ ስለሚቀንስ እውነተኛው ርቀት ከዚህም ይረዝማል።

ተራራው ፊት ለፊት ሲቆም አብራሪው አፍንጫውን ወደ ላይ ለመሳብ ወይም በድንገት ለመዞር ይገደዳል። የመጀመሪያው ፍጥነትን ይበላል። ሁለተኛውም አደጋ አለው፤ ከፍታን ሳይለቁ በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ መዞር ክንፉ ሊሸከም የሚችልበትን ዝቅተኛ ፍጥነት በ19 በመቶ ያሳድጋል። የእጅ ቅልጥፍና እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ የሚያድነው ውሳኔ ከመነሣት በፊት በወረቀት ላይ የሚወሰን ነበር።

ለሥልጠና ያለው ትርጉም

የአሜሪካ ደንብ መንገደኛ ለመጫን በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ መነሣትንና ማረፍን ይጠይቃል፤ በየ24 ወሩም ቢያንስ አንድ ሰዓት የምድር ትምህርትና አንድ ሰዓት በረራ ከአሠልጣኝ ጋር እንዲደረግ ያዛል። ለአዲስ አበባ ተመላሽ የምድሩ ሰዓት ሊበዛ ይገባል። በመጀመሪያ የዕለቱን ሙቀት፣ ክብደትና የማኮብኮቢያ ርዝመት ራሱ ያስላ። ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹ በረራዎች በማለዳ ይሁኑ፤ በ10 ዲግሪ ሙቀት የቦሌ አየር ከ3,200 ወደ 2,700 ሜትር ያህል ይወርዳል። በመጨረሻም አሠልጣኙ ያማረ ማረፍን ብቻ አይመዝን፤ አብራሪው መቼ «ዛሬ አይሆንም» እንደሚልና መቼ ወደ ኋላ እንደሚዞር አስቀድሞ መወሰኑን ይጠይቅ። ጥናቶቹ እንደሚያሳዩት ተመላሹ ስለ ራሱ ያለው ስሜት በቂ መለኪያ አይደለም፤ ስለዚህ ብቁ መሆኑን ሌላ ሰው ሊመሰክርለት ይገባል።