ሌንስ ለመግዛት ያሰበ ገንዘቡን የት ላይ ያውል?

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ነበሩ። ዛሬ ከመካነ ሰላም ተነስቶ አምባውንም ሠርጉንም ላነሳ የሚል ባለሙያ ግን የሚያሳስበው የሌንስ ዋጋ ነው።

ካሜራ የገዛ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ረጅሙ ዙም ላይ ነው። ይሁንና እንጀራው የሚገኘው ከሠርግና ከምርቃት ነው፤ ዳስ ውስጥ ደግሞ ብርሃን የለም። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከርካሾቹ አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ኤፍ 5.6 ላይ ከሚቆም ዙም ከ9 እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። በአነስተኛ ሴንሰር ካሜራ እንደ 75 ሚሊ ሜትር ስለሚያቀርብ ለሙሽሮች ፊት ይስማማል፤ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ ግን ወደ ኋላ መሸሽ ግድ ነው። ገደሉንና አምባውን ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ይበቃዋል።

በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማንሳት 300 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። በዓመት አንዴ ለሚወጣበት ሰው ኪራይ ያዋጣል።

ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ በባትሪ መብራት አሻግሮ ይየው። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ካለበት ቅናሹ አያጓጓው፤ የርካሽ ሌንስ ማስጠረጊያ ከመግዣው ሊበልጥ ይችላል።