የደብረ ሊባኖስ ፍጅት

ምንባብ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሸዋ ደጋ ጠርዝ በገደል ሥር የሚገኘውን የደብረ ሊባኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። አለቃው እጨጌ ተብሎ በቤተ ክህነትም በቤተ መንግሥትም የተከበረ ስለነበረ፣ ይህን ገዳም መምታት አንድ ደብር ብቻ መምታት አልነበረም። ጠላትም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣሊያው እንደራሴ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀን የወረደው መዓት ራሱን የቻለ ምንባብ የሚያሻው ነው።

ወራሪው በዚህ አልረካም። አብርሃ ሚስቱን አስቀድሞ ወደ ደብረ ሊባኖስ ልኳት ስለነበረ፣ መነኮሳቱ የምሥጢሩ ተካፋዮች ናቸው የሚል ክስ ተቀነባበረ። ክሱን የመረመረ ችሎት ግን አልነበረም።

ጄኔራል ማሌቲ ጦሩን ይዞ ገዳሙን ከበበ። ጊዜው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት ግንቦት 12 ስለነበረ፣ ከየአገሩ የመጡ ምዕመናን ግቢውን ሞልተውት ነበር። (በ1984 እ.ኤ.አ. የሕንድ ጦር በአምሪትሳር የሲኮችን ወርቃማ ቤተ መቅደስ በወረረ ጊዜም ምዕመናን ለመታሰቢያ በዓል ተሰብስበው ነበር። ይሁንና በዚያ የታጠቁ ሰዎች መሽገው ነበር፤ በደብረ ሊባኖስ ግን ካህናቱ የያዙት መቋሚያና ጸናጽል ነው።) በማግስቱ ምርኮኞቹን በጭነት መኪና ከሰው ዓይን ወደ ራቀው ላጋ ወልዴ እያጋዙ በመትረየስ ፈጇቸው። ዲያቆናቱን ደግሞ ጥቂት ቀን አቆይተው በደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንገጫ በተባለ ስፍራ ረሸኗቸው። ከሞት የተረፉ አንዳንዶች በሶማሊያ ወደሚገኘው የዳናኔ እስር ቤት ተጋዙ።

ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላካቸው ቴሌግራሞች 297 መነኮሳት፣ 23 ሌሎች ሰዎችና 129 ዲያቆናት መገደላቸውን አስታወቀ፤ ድምሩ 449 ነው። ይህ ገዳዩ የቆጠረው ቁጥር ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የአገሩን ሽማግሌዎችና በዓይናቸው ያዩትን ጠይቀው ባደረጉት ጥናት፣ የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 በላይ፣ ምናልባትም እስከ 2,000 ገምተውታል። የጽሑፍ ማስረጃ ከቃል ማስረጃ ምን ጊዜም ይበልጣል የሚል ሰው ይህን ልዩነት ቢያጤን መልካም ነው።

ማሌቲ በ1940 እ.ኤ.አ. በግብፅ በረሃ በጦርነት ሞተ። ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. በአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ቢፈረድበትም፣ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር፤ እሱም ከጥቂት ወራት በኋላ ተለቀቀ። በኢትዮጵያ ለፈጸመው አንድም ቀን ለፍርድ አልቀረበም። እንዲያውም በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመለት።

መልመጃ

1. «ተቀነባበረ»፣ «መሽገው» እና «ረሸኗቸው» የሚሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች በዓረፍተ ነገር ግለጹ።
2. በምንባቡ የተጠቀሱት ሁለት የሟቾች ቁጥሮች የተለያዩት ለምን ይመስላችኋል? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።
3. በአካባቢያችሁ የጠላትን ዘመን የሚያስታውሱ ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙ አዛውንት ካሉ ጠይቃችሁ የነገሯችሁን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ጽፋችሁ አቅርቡ።