«ቁርጥ ዋጋ» በእንግሊዝኛ «ካት ፕራይስ» አይደለም
ለነጋዴ፣ ለደላላና ለባለሀብት የሚጠቅሙ ቅጽሎችና ጥምር ግሦች

በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በመሆኑም ብዙው የከተማ ነጋዴ ፕሮፎርማ አንብቦ ዋናውን ጉዳይ መረዳት አያቅተውም። ችግር የሚመጣው ከትልልቆቹ ቃላት አይደለም። «ኢንቮይስ»፣ «ኢንሹራንስ»፣ «ሰርተፊኬት» የሚሉትን ያልለመደ የለም። ገንዘብ የሚያስወጡት ትንንሾቹ፣ «እነዚህንማ አውቃቸዋለሁ» ተብለው የሚታለፉት ናቸው። ዛሬ ከእነዚህ ጥቂቶቹን እንመለከታለን።

ለምሳሌ አንድ የሰሊጥ ላኪ ለውጭ ገዢው «ቁርጥ ዋጋችን ይህ ነው» ብሎ መጻፍ ፈለገ እንበል። ቃል በቃል መልሶ «ካት ፕራይስ» ቢል ገዢው የሚረዳው ተቃራኒውን፣ ማለትም ቅናሽ ዋጋ መሆኑን ነው። «ዋጋ ቆርጠናል» ለማለት «ዊ ሀቭ ካት ዘ ፕራይስ» ብሎ የጻፈም ዋጋ ቀንሻለሁ ብሎ በጽሑፍ እንዳረጋገጠ ይቆጠርበታል። ትክክለኛው አባባል ለቁርጥ ዋጋ «ፊክስድ ፕራይስ» ወይም «ፈርም ፕራይስ»፣ ዋጋ ለመቁረጥ ደግሞ «አግሪ ኦን ዘ ፕራይስ» ነው።

ጥምር ግሥ ምን ዓይነት ነው?

ጥምር ግሥ የሚባለው አንድ ተራ ግሥ ከአንዲት አጭር ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ፍቺ ሲይዝ ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። «ዝም አለ» ስንል «አለ» መናገርን አያመለክትም፤ ፍቺውን የያዘው «ዝም» ነው። «ብድግ አለ»፣ «እምቢ አለ»፣ «ከፍ አደረገ»፣ «ዝቅ አደረገ» የምንለውም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ በእኛ ቋንቋ ፍቺ የምትሰጠው ቃል ከግሡ ስትቀድም፣ በእንግሊዝኛ መከተሏ ነው። «ማርክ አፕ» ዋጋን ከፍ ማድረግ፣ «ማርክ ዳውን» ዝቅ ማድረግ ነው።

ስለሆነም ግሡን ብቻ ማወቅ አይበቃም። «ኮል» መጥራት ነው ብሎ የሚያውቅ ሰው «ኮል ኦፍ» የሚለው ከመጥራት ጋር የማይገናኝ መሆኑን ለብቻው መማር አለበት። ለመያዝ የሚቀለው ደግሞ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማጥናት ነው፦

«ፑት ኦፍ» እና «ኮል ኦፍ»። የፊተኛው ማስተላለፍ፣ የኋለኛው መሰረዝ ነው። ጭነቱ «ፑት ኦፍ» የተደረገበት ላኪ ዕቃውን መጋዘን አቆይቶ አዲስ ቀን ይጠይቃል። «ኮልድ ኦፍ» የተባለው ግን ሌላ ገዢ መፈለግ አለበት።

«ጎ ስሩ» እና «ፎል ስሩ»። «ዘ ዲል ዌንት ስሩ» ከተባለ ስምምነቱ ተሳክቷል፤ ደላላው ኮሚሽኑን ይጠብቅ። «ዘ ዲል ፌል ስሩ» ከተባለ ግን ሳይሳካ ቀርቷል። የሁለተኛዋ ቃል አንድ መሆን እንዳያሳስት።

«ባክ አፕ» እና «ባክ አውት»። የመጀመሪያው መደገፍ ሲሆን ሁለተኛው ከገቡበት ስምምነት ማፈግፈግ ነው።

«ፔይ ኦፍ» እና «ራይት ኦፍ»። ሁለቱም ዕዳን ከመዝገብ ያስወጣሉ። ነገር ግን በ«ፔይ ኦፍ» ተበዳሪው ጨርሶ ከፍሏል፤ በ«ራይት ኦፍ» አበዳሪው አይሰበሰብም ብሎ እንደ ኪሳራ ይዞታል።

«ባይ ኢንቱ» እና «ባይ አውት»። «ባይ ኢንቱ» ድርሻ ገዝቶ ወደ ድርጅት መግባት ነው። ሸሪክዎ «አይ ዋንት ቱ ባይ ዩ አውት» ካለዎት ግን ድርሻዎን በሙሉ ገዝቶ እርስዎን ማስወጣት ይፈልጋል ማለት ነው።

ሁለት ፊት ያላቸው ቅጽሎች

ከቅጽሎች ደግሞ በጥንቃቄ መያዝ ያለባቸው በዕለት ንግግር አንድ ፍቺ፣ በንግድ ወረቀት ሌላ ፍቺ ያላቸው ናቸው። «አውትስታንዲንግ» ተማሪ ማለት እጅግ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ «አውትስታንዲንግ ባላንስ» ግን ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብ ነው። «ኔጎሺየብል» ስለ ዋጋ ሲነገር «መደራደር ይቻላል» ማለት ሲሆን፣ በቢል ኦፍ ሌዲንግ ላይ ሲሆን ሰነዱ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ የሚችል መሆኑን ያሳያል።

«ፈርም» ዋጋ እስከተባለው ቀን ድረስ የማይነካ ነው፤ «ኢንዲኬቲቭ» ዋጋ ግን ለግምት ያህል የተሰጠና ሰጪውን የማያስር ነው። «ቺፕ» ርካሽ ከማለት በተጨማሪ የጥራት ጉድለት ያሰማል፤ ዕቃዎን ሲያስተዋውቁ «ሪዝነብል ፕራይስ» ማለት ይሻላል። «ቡናችሁን እንፈልጋለን» ለማለትም «ዊ አር ኢንተረስትድ» እንጂ «ዊ አር ኢንተረስቲንግ» አይባልም። የኋለኛው «እኛ ራሳችን የምንማርክ ሰዎች ነን» ማለት ይሆናል።

ትንንሽ ቃላት በኤልሲ ላይ

ባንኮች በኤልሲ ሲሠሩ የሚመሩበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ በአጭር ስሙ ዩሲፒ 600፣ ከጁላይ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። ደንቡ ለአንዳንድ ቃላት የራሱን ፍቺ ይሰጣቸዋል።

ከመጠን፣ ከነጠላ ዋጋ ወይም ከኤልሲው ገንዘብ በፊት «አባውት» ከተጻፈ 10 በመቶ መጨመር ወይም መቀነስ ይፈቀዳል። ሆኖም ፈቃዱ የሚሠራው ቃሉ ለተጻፈበት ለዚያው ብቻ ነው። «አባውት» ከመጠኑ ላይ ኖሮ ከገንዘቡ ላይ ከሌለ፣ 100 ቶን በሚለው ፋንታ 110 ቶን የጫነ ላኪ ለትርፉ 10 ቶን በኤልሲው ገንዘብ አያገኝም። «ኦን ኦር አባውት» ከቀን ጋር ሲሆን ደግሞ ከተባለው ቀን 5 ቀን በፊትና 5 ቀን በኋላ ያለውን ጊዜ ያጠቃልላል።

በተቃራኒው «ፕሮምፕት» እና «አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» የሚሉትን ባንክ ከቁጥር አያስገባቸውም። ጭነቱ እንዲፈጥንለት የሚፈልግ አስመጪ የመጨረሻውን የመጫኛ ቀን በቁጥር ያስቀምጥ። እንዲሁም «ኢንዲፔንደንት» ወይም «ፈርስት ክላስ» መርማሪ የሰጠው ሰርተፊኬት ይቅረብ ብሎ መጻፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በደንቡ መሠረት ከሻጩ በስተቀር ማንም ሊሰጠው ይችላልና። የሚፈልጉትን መርማሪ ድርጅት በስሙ ያስጽፉ።

«ክሊን» ቢል ኦፍ ሌዲንግ ሲባልም ስለ ወረቀቱ ንጽሕና አይደለም። ዕቃው ወይም ማሸጊያው ጉድለት አለበት የሚል ቃል ያልተጻፈበት ማለት ነው። ስለዚህ «ቶርን» (የተቀደደ)፣ «ዌት» (እርጥብ)፣ «ስቴይንድ» (ቆሻሻ የነካው) የሚሉትን ቅጽሎች ይወቋቸው። ከጆንያዎ አጠገብ ከተጻፉ ባንኩ ሰነዱን ሊመልስብዎ ይችላል።

አጠናን

ረዥም ዝርዝር መሸምደድ ብዙ አይጠቅምም። በሳምንት ከራስዎ ኢሜይልና ውል አምስት ቃላት ይምረጡ፤ እያንዳንዱን ከተቃራኒው ጋር በራስዎ ዕቃ ስም ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት። ፍቺው ካጠራጠረዎ ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት ቀኑንና መጠኑን በቁጥር ጽፎ ማረጋገጥ ነው።

መልመጃ

ገዢዎ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ዘ ሜይ ሺፕመንት ኢዝ ፑት ኦፍ ቱ ጁን። ፕሊዝ ሴንድ ዩር ፈርም ፕራይስ። ዘ ኤልሲ ዊል ሴይ አባውት 40 ሜትሪክ ቶንስ። ዊ ዊል ፔይ ኦፍ ዘ አውትስታንዲንግ ባላንስ ኔክስት ዊክ።»

1. የሜይ ጭነት ተሰርዟል?
2. የሚልኩትን ዋጋ በማግስቱ ሊለውጡት ይችላሉ?
3. በኤልሲው የሚፈቀደው መጠን ከስንት እስከ ስንት ነው?
4. ቀሪው ሒሳብ ምን ይሆናል?

መልስ፦ 1. አልተሰረዘም፤ ወደ ጁን ተላልፏል። 2. አይችሉም፤ የተጠየቁት ቁርጥ ዋጋ ነውና ጸንቶ የሚቆይበትን ቀን አብረው ይጻፉ። 3. ከ36 እስከ 44 ሜትሪክ ቶን፤ ነገር ግን «አባውት» ከገንዘቡም ላይ መኖሩን ይመልከቱ። 4. በሚቀጥለው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ይከፈላል።