ለሠራተኛው ልጅ የተከፈተ በር



በዚህ ጥናት የአንድ ጀርመናዊ ባለፋብሪካ ሕይወት እንመለከታለን። ስማቸው ኤሚል ሞልት ይባላል። ሰባኪ አልነበሩም፤ የሲጋራ ፋብሪካ ኃላፊ ነበሩ። ታዲያ ለምን መረጥናቸው? ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ስንከፍት የሚገጥመን ጥያቄ እርሳቸውንም ስለገጠማቸው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከየት ተነሡ?

ሞልት በ1876 በደቡብ ጀርመን፣ በሽቬቢሽ ግሙንድ ከተማ ተወለዱ። አባትና እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው የሙት ልጅን ኑሮ ያውቁታል። ንግድ ተምረው በ1906 በሽቱትጋርት ከሌሎች ጋር ሆነው ዋልዶርፍ አስቶሪያ የተባለውን የሲጋራ ፋብሪካ አቋቋሙ።

2. ምን አዩ?

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ሲያበቃ ጀርመን ተሸንፋ፣ ሕዝቧም ተርቦ ነበር። ሞልት ለሠራተኞቻቸው በፋብሪካው ውስጥ ትምህርት አዘጋጁ። ይሁን እንጂ ትምህርት ከልጅነት መጀመር እንዳለበት ተረዱ። በዚያ ዘመን አብዛኛው የሠራተኛ ልጅ እስከ 14 ዓመቱ ተምሮ ወደ ሥራ ይገባ ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው ትምህርት ቤት ክፍያ ስለሚጠይቅ በአብዛኛው የባለጸጎች ነበር።

3. ምን አደረጉ?

በ1919 ሩዶልፍ ሽታይነር የተባሉትን አስተማሪ ትምህርት ቤት እንዲያደራጁላቸው ለመኑ። በኮረብታ ላይ የነበረ ምግብ ቤትም በገንዘባቸው ገዙ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 7 ቀን ትምህርት ቤቱ በ256 ልጆች ተከፈተ፤ ከእነዚህ 191ዱ የፋብሪካው ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። የእነርሱን ወጪ ፋብሪካው ቻለ። ወንድና ሴት፣ የሠራተኛና የባለሥልጣን ልጅ በአንድ ክፍል ተቀመጡ። ይህ በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገራለን። ሽታይነር ያስተማሩት አንትሮፖሶፊ የተባለው መንፈሳዊ ፍልስፍና ከወንጌል እምነታችን ጋር አይስማማም፤ ገንዘቡም ከትምባሆ የተገኘ ነው። የምንማረው ከትምህርተ እምነታቸው ሳይሆን ለሠራተኛው ልጅ ከነበራቸው አሳብ ነው።

4. ፍጻሜው ምን ሆነ?

ፋብሪካው በ1929 ተዘጋ። ሞልት በ1936 ዐረፉ። የናዚ መንግሥት በ1938 ትምህርት ቤቱን ዘጋው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ግን በ1945 እንደገና ተከፈተ። ፋብሪካው ወድቆ ትምህርት ቤቱ የቆመው ለምንድር ነው? በ1920 ወላጆችና ደጋፊዎች ያሉበት ማኅበር ተቋቁሞ ሸክሙን ስለተካፈለ ነው። በአንድ ሰው ኪስ ላይ ብቻ ቢንጠለጠል ኖሮ ከፋብሪካው ጋር በወደቀ ነበር።

ዛሬ በዚያ ምሳሌ የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች በዓለም ላይ ከ1000 ይበልጣሉ። ነገር ግን በብዙ አገሮች ክፍያቸው ከፍ ያለ በመሆኑ የሠራተኛ ልጅ እንደ ልቡ አይገባባቸውም። ለድሃ የተከፈተው በር ቀስ በቀስ ጠበበ። ወገኖች ሆይ፣ ይህ ለእኛ ማስጠንቀቂያ ነው። የእኛም ትምህርት ቤት መልካም ስም ሲያገኝ መክፈል የሚችለው ይበዛል፤ መክፈል የማይችለው ዝም ብሎ ይቀራል። ማንም አላባረረውም፤ ግን የለም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ትምህርት ቤታችን ሲከፈት ለማን ነበር? ዛሬ መዝገቡ ላይ ያሉት እነማን ናቸው?

ለ. የውጭ እርዳታ ነገ ቢቋረጥ ሸክሙን የሚሸከም የወላጆች ማኅበር አለን?

ሐ. በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ ያሰበው ሰው አስቀድሞ ምን ማድረግ ነበረበት? እኛስ አድርገናል?

መዝገቡን አውጥታችሁ ስም በስም እየተመለከታችሁ እንድትወያዩ እንለምናችኋለን። ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።