ሁለቱ ተመሳሳይ ጢንዚዛዎች

ጢንዚዛ ስድስት እግሮች አሉት። ሁለቱ የላይ ክንፎቹ እንደ ጋሻ ጠንካሮች ናቸው፤ ከነርሱም በታች የሚበርባቸው ሁለት ስስ ክንፎች ተሰውረዋል።

የጢንዚዛ ዓይነት እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት እንዳይደባለቅ በሥርዓት ይለዩታል። የሚቀራረቡትን ዓይነቶች በአንድ ወገን ይሰበስባሉ፤ የሚቀራረቡትንም ወገኖች በአንድ ነገድ ያኖራሉ። ለእያንዳንዱም ዓይነት ሁለት ስም ይሰጡታል፤ ፊተኛው የወገኑ ስም ነው፥ ሁለተኛው የራሱ ነው። እንስሳትን ሁሉ እንዲህ በሁለት ስም የጠራው የስዊድን ሊቅ ካርል ሊኔዎስ ነው፤ ይህንም ያደረገው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1758 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

ቅጠል የሚበሉት ጢንዚዛዎች አንድ ታላቅ ነገድ ናቸው። ከዚህም ነገድ ውስጥ ሌፕቲኖታርሳ የሚባል ወገን አለ። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ ትርጓሜውም ቀጭን የእግር ጫፍ ያለው ማለት ነው። የወገኑ አገር አሜሪካ ነው፤ በውስጡም ከ30 የሚበልጡ ዓይነቶች ይቈጠራሉ። ከነዚህም ሁለቱ እንደ መንታ ወንድማማች ይመሳሰላሉ።

የመጀመሪያውን በ1824 ዓመት ቶማስ ሴይ የሚባል የአሜሪካ ሊቅ ጽፎ አስታወቀው። በቢጫ ጀርባው ላይ 10 ጥቍር መሥመሮች ስላሉት ዴሴምሊኔያታ አለው፤ ይህም በላቲን ባለ ዐሥር መሥመር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ገርማር የሚባል የጀርመን ሊቅ ሁለተኛውን ዩንክታ ብሎ ሰየመው፤ የተጋጠመ ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን የሌፕቲኖታርሳ ወገን ገና አልተለየም ነበር። ኋላ ሊቃውንት አካላቸውን ደግመው መርምረው ሁለቱን በዚህ ወገን አኖሯቸው።

መልካቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው አይመሳሰልም። ባለ ዐሥር መሥመሩ አስቀድሞ በሮኪ ተራሮች አጠገብ የእንቧይ ዘመድ የሆነ እሾሃም አረም ይበላ ነበር። ገበሬዎች ወደዚያ አገር ድንች ባመጡ ጊዜ፥ ድንችም የእንቧይ ዘመድ ነውና፥ ጢንዚዛው ወደ እርሻው ተሻገረ። በ1859 ዓመት በነብራስካ የድንቹን እርሻ አጠፋ፤ በ1874 ዓመትም እስከ አትላንቲክ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። በ1922 ዓመት ደግሞ በፈረንሳይ አገር በቦርዶ አጠገብ ተገኘ። እናቲቱ ብዙ መቶ ዕንቍላል ትጥላለች፤ ትሉም ጢንዚዛውም ቅጠሉን ይበላሉ። ቅጠሉም ካለቀ በመሬት ውስጥ ያለው ድንች አያድግም።

ዩንክታ ግን በአሜሪካ ምሥራቅ ይኖራል፤ ምግቡም በሜዳ የሚበቅል እሾሃም አረም ነው። በድንች እርሻ ላይ ብዙ ጕዳት አያደርስም።

እንግዲህ ገበሬው ሁለቱን በምን ይለያል? ጀርባቸውን ልብ ብሎ ይመልከት። በዩንክታ በእያንዳንዱ ክንፍ መካከል፥ በሁለት ጥቍር መሥመሮች መሐል፥ ቡናማ መሥመር አለ፤ በባለ ዐሥር መሥመሩ ግን ይህ ስፍራ እንደ ሌላው ቢጫ ነው። ትሉንም ይመልከት። የባለ ዐሥር መሥመሩ ትል በየጐኑ ሁለት ረድፍ ጥቍር ነጥብ አለው፤ የዩንክታ ትል ግን አንድ ረድፍ ብቻ አለው።

ይህ ትንሽ ምልክት ታላቅ ነገር ያድናል። ጠላቱን ጕዳት የሌለው ነው ብሎ የተወ ገበሬ እርሻውን ያጣል። አረም የሚበላውን ጠላት ነው ብሎ የሚያሳድድም በከንቱ ይደክማል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ አስቀድሞ መመርመር ከብዙ ድካም ያድናል።

በሰውም ዘንድ እንዲሁ ነው። ወንድሙ ሌባ ስለ ሆነ ሌባ የሚባል፥ ልብሱ የወንጀለኛን ልብስ ስለ መሰለ የሚከሰስ ብዙ ነው። ሁለቱ ጢንዚዛዎች አንድ ወገን ሲሆኑ፥ የአንዱ ጥፋት በሌላው አይቈጠርም። ሰውማ ከጢንዚዛ ይልቅ እንዴት አብልጦ በራሱ ሥራ ሊመዘን አይገባውም?

ጥያቄ
1. ለእያንዳንዱ ዓይነት ስንት ስም ይሰጠዋል?
2. ባለ ዐሥር መሥመሩ ወደ ድንች እርሻ ስለ ምን ተሻገረ?
3. የሁለቱ ትሎች በምን ይለያሉ?