ባዚቃ በጥርስ ሕክምና ክፍል፦ የማይታየው ትነትና የባለሙያው ጤና

ባዚቃ ወይም ሜርኩሪ በተራ የክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ብቸኛው ብረታማ ንጥረ ነገር ነው። አቶማዊ ቁጥሩ 80 ሲሆን ከውኃ 13.5 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ከብር፣ ከቲንና ከመዳብ ዱቄት ጋር ሲዋሃድ አማልጋም የተባለውን የጥርስ መሙያ ይሰጣል። ከአማልጋም ክብደት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ስለዚህ መሙያ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ታካሚው ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በየቀኑ አጠገቡ የሚውለውን ባለሙያ ነው።

ትነቱ ከየት ይመጣል?

ሜርኩሪ የሚፈላው በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ነገር ግን ውኃ ሳይፈላ እንደሚተን ሁሉ እርሱም በክፍል ሙቀት ይተናል። ትነቱ ቀለምም ሽታም የለውም። አማልጋም ሲደባለቅ፣ ጥርስ ውስጥ ሲጠቀጠቅ፣ ይልቁንም አሮጌ ሙሊት በመሰርሰሪያ ሲወጣ ወደ አየር ይገባል።

መጠኑን በስሌት እንየው። በሥራ ቦታ አየር ውስጥ ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን ከሚጠቀሱት ወሰኖች አንዱ በሜትር ኩብ 0.025 ሚሊግራም ነው። ርዝመቱና ስፋቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 48 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ስለዚህ ወሰኑ ላይ ለመድረስ 1.2 ሚሊግራም ትነት ይበቃል። 0.1 ሚሊሊትር የሆነች የሜርኩሪ ጠብታ ግን 1,350 ሚሊግራም ትመዝናለች። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ከጠብታዋ አንድ ሺሕኛው ቢተን ወሰኑ ይታለፋል ማለት ነው።

በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

የተዋጠ ፈሳሽ ሜርኩሪ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ በትንፋሽ ከገባው ትነት ግን 80 ከመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ደም ውስጥ ይቀራል። ትነቱ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው አቶም ስለሆነና በስብ ስለሚሟሟ ወደ አንጎልም ሆነ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንስ ይሻገራል። በሕዋስ ውስጥ ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም ወደ አዮን ይለውጠዋል። አዮኑ በቀላሉ ተመልሶ መውጣት አይችልም፤ በፕሮቲኖች ላይ ካለው ሰልፈር ጋር ተጣብቆ ሥራቸውን ያውካል። በብዛት የሚጠራቀመው በኩላሊት ነው። ከሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ሁለት ወር ያህል ስለሚወስድ፣ የየቀኑ ጥቂት መጠን እየተደመረ ይሄዳል።

መጠኑ ሲበዛ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የመርሳት፣ የመነጫነጭና የኩላሊት ችግር ይከተላሉ። ቀድሞ በአውሮፓ ባርኔጣ ሠሪዎች የታወቁበት ሕመም ይኸው ነበር። ይህ ሲባል አማልጋም የነካ ባለሙያ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። አደጋውን የሚወስነው አያያዙ ነው። የተጋላጭነቱ መጠንም በሽንት ምርመራ ሊታወቅ ይችላል።

ለቦንጋና ለከፋ ምን ትርጉም አለው?

ከፋ ዝናብ የሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ነው። በቦንጋ በዝናብ ሰዓት መስኮት መዝጋት የተለመደ ነው፤ በጥርስ ሕክምና ክፍል ግን ይህ ልማድ ትነቱን ያምቃል። ሁለተኛው ጉዳይ ቆሻሻው ነው። የአማልጋም ትራፊ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ቢቃጠል ሜርኩሪው ወደ አየር ይወጣል። በፍሳሽ ከሄደም እንደ ጎጀብ ወዳሉ ወንዞች፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ሊደርስ ይችላል። በውኃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡትና በዓሣ ሥጋ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ የብዝሃ ሕይወት ክልል ለሚገኝበት አካባቢ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ጥንቃቄዎች

• ሜርኩሪን በእጅ ከመመጠን ይልቅ አስቀድሞ የተመጠነ ካፕሱል መጠቀም፤
• አሮጌ ሙሊት ሲወጣ ውኃ መርጨትና በመምጠጫ መሳብ፤ ተራው የአፍ መሸፈኛ ትነትን አያግድም፤
• ትራፊውን በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ፤ አማልጋም ያለበትን የተነቀለ ጥርስ በሙቀት አለማምከን፤
• የፈሰሰን ሜርኩሪ በመጥረጊያ አለመጥረግ፤ ጠብታውን ስለሚበታትነው ትነቱ ይጨምራል። መስኮት ከፍቶ በጠንካራ ወረቀትና በመርፌ መምጠጫ መሰብሰብ ይገባል፤
• ነፍሰ ጡር ባለሙያን ከዚህ ሥራ ማራቅ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪ ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሳውቅና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል።

የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል። አባል አገሮቹ በ2025 ባደረጉት ጉባኤ የጥርስ አማልጋምን እስከ 2034 ለማስቀረት ወስነዋል። ሆኖም ዛሬ በሰዎች አፍ ያሉት ሙሊቶች ከዚያም በኋላ መውጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ በጤና ሳይንስ ትምህርት ላይ ያለ ተማሪ አዲስ አማልጋም ባይሞላ እንኳ የሌላውን ሲያወጣ ትነቱን መተንፈሱ አይቀርምና፣ ጥንቃቄውን ከወዲሁ መማር ይገባዋል እንላለን።